ባለ አራት ተርሚናል ስፒከር፦ ድምፁ ሲጎድል ምን እንፈትሽ?

ከኋላው ሁለት ቀይና ሁለት ጥቁር ተርሚናል ያለው ስፒከር በባይ-ዋየሪንግ ሊያያዝ ይችላል፤ ከአምፕሊፋየሩ አንዱ ጥንድ ገመድ ቤዝ ወደሚያወጣው ዉፈር፣ ሌላው ቀጭን ድምፅ ወደሚያወጣው ትዊተር ይሄዳል። ስፒከሩ አዲስ ሲሆን ሁለቱን ጥንዶች ጃምፐር የሚባሉ ቁራጭ ብረቶች ያገናኟቸዋል። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ገመድ ከመንካትዎ በፊት አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ።

ቤዝ ብቻ ወይም ቀጭን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጃምፐሩ ተነቅሎ አንድ ጥንድ ገመድ ብቻ ታስሯል። ሁለተኛውን ጥንድ ይጨምሩ፣ ወይም ጃምፐሩን ይመልሱ። ከጠፋ 10 ሴንቲሜትር ያህል የስፒከር ገመድ ይተካዋል፦ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ጥንዶቹን ኤ እና ቢ በሚባሉት የአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫዎች ላይ ለያይተው ካሰሩ ሁለቱም መብራታቸውን ይዩ። አንዳንድ አምፕሊፋየር ግን ኤ እና ቢ አንድ ላይ ሲበሩ በተከታታይ (አንዱን ከሌላው ቀጥሎ) ስለሚያያይዛቸው ድምፁ ይበላሻል፤ ያኔ ሁለቱንም ጥንድ ኤ ላይ ማሰር ይሻላል።

ቤዙ ሳስቷል፣ የድምፃዊው ድምፅም ከመሃል አይመጣም። የአንዱ ጥንድ ፕላስና ማይነስ ተገላብጧል። የዉፈሩን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ፈተው በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ይንኩት፤ የግራውም የቀኙም ዉፈር ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለበት። ትዊተርን በባትሪ አይሞክሩ፣ ገመዱን በዓይን ይከተሉት።

ድምፅ ሲጨመር አምፕሊፋየሩ ይጠፋል። ብዙዎች ባይ-ዋየሪንግ የስፒከሩን ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) በግማሽ ይቀንሳል ብለው ይፈራሉ። አይቀንስም፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር 8 ኦም እንደሆነ ይቀራል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ክሮስኦቨር ለዉፈሩም ለትዊተሩም የየራሱን ድርሻ ብቻ ያሳልፋል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከቀይ ወደ ጥቁር የተሻገረ ቀጭን የሽቦ ክር ነው። በአንድ ተርሚናል ሁለት ሽቦ ሲገባ ይህ በቀላሉ ይከሰታል። ጫፉን 10 ሚሊሜትር ያህል ልጠው፣ አጥብቀው ጠምዝዘው ያስሩ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ፈተው በመልቲሜትር ይለኩ፤ በቀይና በጥቁር መካከል ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ስፒከሩን ሲለኩ ደግሞ ባለ 8 ኦም ዉፈር 6 ኦም አካባቢ ያሳያል። የትዊተሩ በኩል ክፍት (የተቋረጠ) ቢመስል ተቃጠለ ማለት አይደለም፤ የመልቲሜትሩን ጅረት የሚያግደው በመንገዱ ያለው ካፓሲተር ነው።

ለዉፈሩ አንድ፣ ለትዊተሩ ሌላ አምፕሊፋየር ሊጠቀሙ ነው? እዚህ ጃምፐር መንቀል መርሳት አደገኛ ነው። በአንድ አምፕሊፋየር ጃምፐሩ ሳይነቀል ቢቀር ጉዳት የለውም፣ ባይ-ዋየሪንግ መሆኑ ብቻ ይጠፋል። በሁለት ሲሆን ግን የአንዱን መውጫ ከሌላው መውጫ ጋር ስለሚያገናኝ ሁለቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ከማብራትዎ በፊት አራቱም ጃምፐሮች፣ የጥቁሮቹም ጭምር፣ መነቀላቸውን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ።