የቆመው የአኳሪየም ሳይክል እንዴት ተነሳ

ዓሣ ከመግባቱ በፊት አሞኒያ እየጨመርኩ እሱን የሚበሉ ባክቴሪያዎች የማራባበት (ሳይክል የሚባለው ሂደት ይህ ነው) 75 ሊትር አኳሪየም ድንገት ቀጥ አለ። አሞኒያው 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ) ላይ ተቸነከረ። ባክቴሪያዎቹ ከአሞኒያ የሚሠሩት ናይትራይትም አልወርድ አለ። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ነው። ማጣሪያው ቀንና ሌሊት ይሠራል። ክሎሪኑም በማከሚያ ጠፍቷል።

ፍንጩን የሰጠኝ ፒኤች፣ የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል)። ስለካው 6 አካባቢ ወርዷል። እዚያ ላይ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም። የሚገርመው፣ የሲያትል የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው። ጣጣው ያለው ኬኤች ላይ ነው፤ ፒኤችን ደግፎ የሚይዘው ካርቦኔት ማለት ነው። የእኛ ውሃ ከሴዳርና ከቶልት ወንዞች ስለሚመጣ በጣም ለስላሳ ነው፣ ማለትም ማዕድኑ ትንሽ ነው፤ ኬኤቹ 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ አሞኒያ ሲበሉ አሲድ ያወጣሉ። 2 ፒፒኤም አሞኒያ ብቻውን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ኬኤች ይጨርሳል። ሁለት ዙር አሞኒያ፣ አለቀ!

መፍትሔው ኩሽና ውስጥ ነበር። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። ከዚያ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በብርጭቆ ውሃ አሟምቼ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ለዚህ መጠን ውሃ ኬኤችን ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ብዙም ሳይቆይ አሞኒያው መውረድ ጀመረ፤ ናይትራይቱም ተከተለው።

አደራ፣ ዓሣ ባለበት ገንዳ እንዲህ በአንዴ እንዳታደርጉት። ፒኤች ሲጨምር የአሞኒያ መርዝነት ይብሳል።

አሁን 2 ፒፒኤም ስጨምር በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ይገባሉ። የቀረኝ የተጠራቀመውን ናይትሬት (ናይትራይቱ መጨረሻ የሚለወጥበትን) ለመቀነስ አብዛኛውን ውሃ መቀየርና ኬኤቹን እንደገና መለካት ነው። ከዚያ ዓሣ!