ሆሚንግ እምቢ ሲል፦ ከቁጥሩ በፊት ስዊቹን ይፈትሹ

የሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን) ሆሚንግ፣ ማለትም በየአክሲሱ (በየእንቅስቃሴ አቅጣጫው) ጫፍ ያለውን ስዊች ነክቶ መነሻ ቦታውን ማግኘቱ፣ ሲበላሽ አብዛኛው ሰው ወደ ሴቲንግ ይሮጣል። አንዱን ቁጥር ይቀይራል፣ ይሞክራል፣ ሌላውን ይቀይራል፤ በመጨረሻ የቱ ትክክል እንደነበረ ይጠፋበታል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ስዊቹ ሲጫን ቦርዱ ያያል ወይስ አያይም የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው በአርዱኢኖ ኡኖ ቦርድና በላዩ በሚሰካው ሲኤንሲ ሺልድ ለሚሠራ ጂአርቢኤል 1.1 (ማሽኑን የሚመራው ፕሮግራም) ነው፤ በ$ የሚጀምሩት የሴቲንግ ቁጥሮቹ ናቸው።

ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ሞተር) ከሶኬት ይንቀሉ። $21=0 ብለው ሃርድ ሊሚትን (ስዊች ሲነካ ማሽኑን የሚያቆመውን መከላከያ) ያጥፉ፤ አለዚያ ስዊች በነኩ ቁጥር አላርም ይነሳል። ምንም ሳይነኩ የጥያቄ ምልክት (?) ይላኩ። የተጫነ ስዊች ካለ በመልሱ ውስጥ ከ«ፒኤን» (Pn) ቀጥሎ የአክሲሱ ፊደል ይወጣል። የኤክስን ስዊች በጣትዎ ይዘው ደግመው ይላኩ፤ ኤክስ ብቻ መታየት አለበት። ዋይንና ዜድንም እንዲሁ ይፈትሹ።

ሳይነኩ ሦስቱም ከታዩ ሎጂኩ ተገልብጧል። ለኤንኦ ስዊች (ካልተጫነ ክፍት የሆነ) $5=0፣ ለኤንሲ (ካልተጫነ ዝግ የሆነ) $5=1 ነው። ይህ ሴቲንግ ሦስቱንም አንድ ላይ ስለሚገለብጥ ሁለቱን ዓይነት ማደባለቅ አይቻልም።

ተጭኖም ካልታየ መልቲሜትርን ኮንቲኑቲ (መስመሩ ካልተቋረጠ የሚጮኽበት) ላይ አድርገው ስዊቹ እግር ላይ ይለኩ፣ ቀጥሎ ሽቦውን ከሺልዱ ነቅለው ጫፉ ላይ። ስዊቹ ጋ እየጮኸ ጫፉ ላይ ዝም ካለ ሽቦው ተበጥሷል፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው አክሲሱ ሲሄድ በሚታጠፍበት ቦታ ነው።

ኤክስና ዋይ ሠርተው ዜድ ብቻ እምቢ ካለ ስዊቹን አይቀይሩ። የድሮው ሺልድ የዜድ ሊሚትን ከፒን 11 ጋር አገናኝቶ ነው የተሠራው። አሁን ግን ፒን 11 የስፒንድል ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሆኗል፣ ዜድ ወደ ፒን 12 ሄዷል። ሽቦውን ነቅለው ሺልዱ ላይ «ስፒንድል ኢኔብል» ወደሚባለው ፒን ያዛውሩት። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ስዊች ተጥሏል!

ሃርድ ሊሚት በርቶ ሳለ ስፒንድሉ ሲነሳ ብቻ አላርም 1 (ስዊች ተነካ የሚለው) ከመጣ ችግሩ ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) ነው። ቺፑ ውስጥ ያለው ፑልአፕ (ሲግናሉን ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ደካማ ነው፤ ረጅም ሽቦ እንደ አንቴና ይሆንበታል። በሲግናልና በግራውንድ መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከሲግናል ወደ 5 ቮልት ደግሞ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስገቡ፤ ሁለቱም በቦርዱ በኩል ይሁኑ። የስዊቹን ሽቦ ከስፒንድልና ከሞተር ኬብል ያርቁ። የብረት ልባስ ያለው ኬብል ከተጠቀሙ ልባሱን በቦርዱ በኩል ብቻ ግራውንድ ያድርጉ።

ኤንሲ ይሻላል፤ ሽቦው ቢበጠስ ወዲያው ይታወቃል። ነገር ግን በአንድ አክሲስ ሁለት ስዊች ካለ በሲሪየስ ይያያዙ። ሺልዱ ላይ የፕላስና የማይነስ መሰኪያዎች አንድ ፒን ስለሚጋሩ ለየብቻ ከሰኩ አንዱ ሲከፈት ሌላው ዘግቶ ይይዘዋል፣ ቦርዱም ምንም አያይም።

አሁን ሆሚንግን ይሞክሩ። አክሲሶቹን መሃል ላይ ያድርጉ፣ አንድ እጅዎ ኃይል ማጥፊያው ላይ ይሁን። $22=1 ካደረጉ በኋላ የዶላር ምልክትና ኤች ይላኩ። መጀመሪያ ዜድ ወደ ላይ ይሄዳል። ስዊቹን በእንጨት ዘንግ ነካ አድርገው ይልቀቁት፤ ቆሞ ወደኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሲመጣ ደግመው ይንኩት። ቀጥሎ ኤክስና ዋይ አብረው ይነሳሉ። ከስዊቹ የሚሸሽ አክሲስ ካለ $23ን ያስተካክሉ፦ ኤክስ 1፣ ዋይ 2፣ ዜድ 4፤ የሚገለበጡትን ይደምሩ።

አላርም 8 ማለት ወደኋላ ተመልሶም ስዊቹ አልተለቀቀም ማለት ነው፤ $27ን (ወደኋላ የሚመለስበትን ርቀት) ከ1 ወደ 3 ሚሜ ያሳድጉ። አላርም 9 ስዊቹ አልተገኘም ነው። ፍለጋው የ$130፣ $131 እና $132 (የኤክስ፣ የዋይና የዜድ ርዝመት) አንድ ተኩል እጥፍ ሲሞላ ይቆማል፤ ስለዚህ እነዚህ ከእውነተኛው ርዝመት ካነሱ ሳይደርስ ይቀራል። ሞተሩ እየጮኸ ከቆመ ደግሞ $25ን (የመጀመሪያውን ፍለጋ ፍጥነት) ይቀንሱ።

ሆሚንጉ ሠርቶ በየጊዜው ቦታው ከተለያየ የስዊቹን ብሎኖች ያጥብቁ፣ ከሊቨሩ ሥር የገባውን ሰጋቱራ ይጥረጉ፣ $24ን (ቀስ ብሎ ሲመጣ ያለውን ፍጥነት) ወደ 25 ያውርዱ። $21=1 የሚመለሰው ስፒንድሉ እየሠራ የጥያቄ ምልክት ልከው «ፒኤን» ካልታየ በኋላ ነው።