የጋራ ሜይልቦክስ፦ ማን ይክፈት፣ ማን ይላክ?

የግዥ ክፍሉ ኢሜይል ፓስወርድ በአምስት ሰው እጅ ከሆነ ፕሮፎርማውን ማን እንደሰረዘው ማወቅ አይቻልም። አንዱ ሥራ ሲለቅም ፓስወርዱን ይዞት ይሄዳል። በማይክሮሶፍት 365 ለዚህ የተዘጋጀው ሼርድ ሜይልቦክስ (የጋራ የመልዕክት ሳጥን) ነው፤ ሠራተኛው በራሱ አካውንት ገብቶ ይጠቀምበታል። ሳጥኑ እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ የራሱ ላይሰንስ አያስፈልገውም፤ ተጠቃሚዎቹ ግን የየራሳቸው ያስፈልጋቸዋል።

ፈቃዱ ሦስት ዓይነት ነው። ፉል አክሰስ ያለው ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ያነባል፣ ይሰርዛል፤ በሳጥኑ ስም መላክ ግን አይችልም። «ሁሉንም ሰጥቼው ለምን አይልክም?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሴንድ አዝ ያለው ሲልክ ለተቀባዩ የሚታየው «ግዥ ክፍል» ብቻ ነው። በሴንድ ኦን ቢሃፍ ሲላክ ግን የላኪው ስም አብሮ ይታያል። ሁለቱንም ለአንድ ሰው ከሰጡ ሴንድ አዝ ይቀድማል፤ ስለዚህ ስሙ እንዲታይ ከፈለጉ ሴንድ አዝን አይስጡት።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ኤክስቼንጅ አድሚን ሴንተር (የኢሜይል አስተዳዳሪው ድረ ገጽ) ላይ ሪሲፒየንትስ፣ ቀጥሎ ሜይልቦክስስ ውስጥ ይግቡና ሳጥኑን ይምረጡ። ዴሊጌሽን በሚለው ትር ሥር ሦስቱ ፈቃዶች ለየብቻ አሉ፤ የሚፈልጉትን ኤዲት ብለው ሰዎቹን ይጨምሩ፣ ሴቭ ያድርጉ። እስኪሠራ 60 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል በአምስተኛው ደቂቃ አጥፍተው እንደገና አይስጡ።

ፉል አክሰስ በስሙ የተሰጠው ሰው አውትሉክን ዘግቶ ሲከፍት ሳጥኑ በራሱ ይመጣለታል። ፈቃዱ ለሴኪዩሪቲ ግሩፕ (ፈቃድ በጋራ ለሚሰጠው የተጠቃሚዎች ቡድን) ከተሰጠ ግን አይመጣም፤ እያንዳንዱ አባል ሳጥኑን ራሱ መጨመር አለበት። ይህ ቢያሰለችም ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት ክፍል ግሩፑ ይሻላል፤ የለቀቀውን ከአንድ ቦታ ማውጣት ይበቃልና። ግሩፑ የኢሜይል አድራሻ ያለው መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት አቤቱታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው «የላክነው መልስ ሳጥኑ ውስጥ የለም» የሚል ነው። ኮፒው የሚቀመጠው በላኪው ሴንት አይተምስ (የተላኩ መልዕክቶች ፎልደር) ውስጥ ስለሆነ ነው። ማይክሮሶፍት 365 አድሚን ሴንተር ላይ ሼርድ ሜይልቦክስስ ውስጥ ሳጥኑን ከፍተው የሴንት አይተምስን ሁለት ምርጫዎች ያብሩ፤ ቀድሞ የተላከውን ግን አይመልስም። የተሰረዘ መልዕክት ሲጠፋም በቅድሚያ የሰራዡን ዲሊትድ አይተምስ (የተሰረዙ መልዕክቶች ፎልደር) ይዩ፤ የዴስክቶፑ አውትሉክ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚጥለው።

ፈቃድ ተሰጥቶም መልዕክቱ «ፈቃድ የለህም» ተብሎ ከተመለሰ፣ ፍሮም (የላኪ አድራሻ) በሚለው ቦታ ላይ አውትሉክ አስታውሶ የሚያመጣውን አሮጌ አድራሻ ያጥፉና ከአድራሻ መዝገቡ እንደገና ይምረጡ።

በስም ፈቃድ የተሰጠው ሰው ሲለቅ ሦስቱንም ዝርዝር ይፈትሹ፤ ከፉል አክሰስ ማውጣት ሴንድ አዝን አያነሳም። ሳጥኑ ከለቀቀ ሠራተኛ አካውንት የተቀየረ ከሆነ ደግሞ የድሮው ፓስወርድ አሁንም ሊሠራ ስለሚችል፣ አክቲቭ ዩዘርስ ውስጥ ገብተው አካውንቱን ብሎክ ሳይን ኢን ያድርጉት (መግባት ይከልክሉት)።