እርጥበት ለሚገባበት ቤት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ትርፍ ዕቃ አውጥቶ ጓዳን ማደራጀት

ደሴ ላይ ዕቃ የሚበላሸው ከወለልና ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲከርም ነው። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በበልግም በክረምትም ይዘንባል፣ ጉሙም አለ። ስለዚህ ትርፍ ዕቃ የምናወጣው ቤቱ እንዲያምር ብቻ ሳይሆን ለሚቀረው ዕቃ አየር እንዲደርሰው ነው። ዕቃው ቢቀነስም የቀረው እንደገና ግድግዳ ላይ ከተደገፈ፣ በሚቀጥለው ነሐሴ ሻጋታው ይመለሳል።

ለሥራው የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በበልግ ወይም በክረምት ማድረግ ግድ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩ፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ከ7 ሰዓት በፊት ሁሉም ዕቃ ተመልሶ ቢገባ ይሻላል። በአንድ ቀን ከአንድ ክፍል በላይ አትንኩ። ግማሹ ደጅ ግማሹ አልጋ ላይ ሆኖ ከመሸ፣ ያወጣችሁት ሁሉ ሳይለይ ተጠቅጥቆ ይመለሳል።

ከሳሎን አትጀምሩ። ሳሎን ሲጸዳ የተረፈው ሁሉ ወደ ጓዳ ይገፋል፤ ጓዳውም ይበልጥ ይታፈናል። መጀመሪያ ጓዳው፣ ቀጥሎ መኝታ ቤቱ፣ መጨረሻ ሳሎኑ ይሁን። ቅርጫትና ባለ ክዳን ፕላስቲክ ሳጥን ቀድሞ መግዛትም ስህተት ነው፤ ምን እንደሚቀር ሳይታወቅ የተገዛ ሳጥን ራሱ ትርፍ ዕቃ ይሆናል። ለመጀመሪያው ቀን 4 ባዶ ማዳበሪያ፣ ደጅ ላይ የሚነጠፍ ሸራ፣ መጥረጊያና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ዕቃውን ሁሉ ሸራው ላይ አውጡና ማዳበሪያዎቹን ለአራት ነገር መድቡ፦ የሚሰጥ፣ የሚሸጥ፣ የሚጣል፣ የሚጠገን። የሚቀረው ሸራው ላይ ይቆይ። አደገኛው «የሚጠገን» የተባለው ነው። እጀታው የወለቀ ድስት፣ የማይሠራ ምድጃ፣ ዚፑ የተበላሸ ሻንጣ እዚያ ገብቶ ዓመት ይከርማል። ማዳበሪያው ላይ ቀን ጻፉበት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥገና ቤት ያልደረሰ ዕቃ ወደሚሸጠው ይሂድ።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ዓመት ያልነካኸውን አውጣ» የሚል ደንብ ለእኛ ቤት አይሠራም። ትልቁ ድስት፣ የእንግዳ ፍራሽ፣ ትርፉ ብርድ ልብስ ለአረፋ፣ ለገና፣ ለሠርግ ወይም ለሐዘን የሚወጡ ናቸው፤ ወሎ ውስጥ እንግዳ ሳያስቡት ይመጣል። የሚሻለው ጥያቄ «ባለፈው የበዓል ዙር ስንቱ ወጣ?» የሚለው ነው። ሃያ ሰሃን ኖሯችሁ አሥራ ሁለቱ ብቻ ወጥተው ከሆነ ስምንቱ ትርፍ ነው። ለብዙ ሰው የሚሆነውን ድስት፣ ሰሃንና ወንበር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅሬው ወይም እድሩ ያውሳል። ምን እንዳለው ሳትጠይቁ ተመሳሳዩን በቤታችሁ አታከማቹ።

የወጣው ዕቃ በዚያው ሳምንት ከግቢ ይውጣ። ብረታ ብረትና ጠርሙስ ለቁራሌ ይሆናል። ልዋጭ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ በምትኩ ሳፋና ባልዲ ይሰጣል፤ ሳፋ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን ልብሱን ለሚለብሰው አጥባችሁ ስጡ፣ አለበለዚያ አንዱን ትርፍ በሌላ ትርፍ ቀየራችሁ ማለት ነው። የተቀደደውን ልብስ ለመወልወያ ብላችሁ በሙሉ አታስቀሩት፤ ለአንድ ቤት አሥር ጨርቅ ይበቃል። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሽንት ቤት አትጨምሩ፤ የት እንደሚወገድ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ያለቀ ባትሪ አታቃጥሉ።

አሁን ዋናው ሥራ፦ ከወለል ማንሳት።

ጓዳው ባዶ ሳለ የግድግዳውን ሥር መርምሩ። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከታየ ሻጋታ ነው። ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ብናኙ በቤቱ ይበተናል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ሲሚንቶውን ወይም ቀለም የተቀባውን ግድግዳ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ጥረጉና በደንብ ይድረቅ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ የላላውን ልስን አርጥባችሁ ፍቁና እንደገና ምረጉት። ውኃው ከጣሪያ ወይም ከውጭ የሚገባ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቆርቆሮውና የውኃ መውረጃው ይስተካከል።

እህሉ የሚቀመጥበትን ርብራብ እንዲህ ሥሩ፦ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸውን ብሎኬቶች በሁለት ረድፍ አስቀምጡ። በየረድፉ በአንዱና በቀጣዩ መካከል ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ አይኑር፤ ኩንታል ሲጫን ጣውላው የሚሰበረው ርቀቱ ሲሰፋ ነው። በላዩ ጣውላ ርብሩ፣ በጣውላዎቹ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ። ርብራቡ ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከሥሩ መጥረጊያ መግባት አለበት፤ መጥረጊያ የማይደርስበት ቦታ የአይጥ ቤት ይሆናል። ከሁለት ጆንያ በላይ አትደራርቡ፤ የታችኛው ይታፈናል፣ ለማየትም አይመችም።

እህሉ ሁሉ አንድ ዓይነት አያያዝ አይፈልግም። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ የሚያበላሸው እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ አየር ማግኘቱ በአብዛኛው ይበቃዋል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ባቄላ ግን ነቀዝ ይወዳቸዋል። ለእነዚህ ባለ ሦስት ሽፋኑ ከረጢት (ፒክስ የሚባለው) ጥሩ ነው። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጩ ማዳበሪያ ነው፤ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። አየሩን ጨቁናችሁ አውጡ፣ እያንዳንዱን ሽፋን ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ፣ ለየብቻ እሰሩ፤ ቢያንስ አንድ ወር አትክፈቱ። ላስቲኩ ከተበሳ ዋጋ የለውም፤ ወለል ላይ አትጎትቱት።

እህሉ ግን መድረቁ ይረጋገጥ፤ እርጥብ እህል ታሽጎ ይሻግታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ሩቡን እህል ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና ለአንድ ደቂቃ ናጡ፣ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፤ ፀሐይ ላይ ይመለስ።

አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። እህል ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ኪኒን (አሉሚኒየም ፎስፋይድ) እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ከመኝታ ክፍል ጋር በተያያዘ ጓዳም ቢሆን፣ አትጠቀሙበት። ጓዳ ስታራግፉ አሮጌ እሽግ ካገኛችሁ አትክፈቱት፣ ውኃ አታስነኩት፣ ከልጆች አርቁትና የግብርና ባለሙያ አማክሩ።

ቁም ሳጥኑም ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ የብል ዋና ምግብ አይደሉም፤ የሚያጠቃቸው ሻጋታና አይጥ ነው። ብል የሚበላው ሱፍ ነው፦ ባና፣ የሱፍ ኮት፣ የሱፍ ብርድ ልብስ። ሱፉን ለይታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ስፌቱንና እጥፋቱን በብሩሽ ምቱ፤ እንቁላሉና ትሉ እዚያ ነው። ከዚያ በሚገጥም ሳጥን ዝጉት። ጋቢን ግን በላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ደርቆ ያላለቀው እርጥበት ውስጡ ይቀራል፤ በአሮጌ የጥጥ አንሶላ መጠቅለል ይበቃል። ልብስ ለማድረቅ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ፤ ጭስ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። መሶብና ሰፌድ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከጣሪያ ወራጅ ላይ በገመድ ይንጠልጠሉ።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ችግሩ ይለወጣል። እዚያ ሻጋታው ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን የነቀዙን መራባት ያፈጥነዋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያላችሁ በከረጢት ያልታሸገውን እህል በየሁለት ሳምንቱ እዩት፣ የብዙ ወር ቀለብም በአንድ ጊዜ አታስገቡ። ደሴ ላይ ወር በወር ማየት ይበቃል።

ጀሪካን ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ግን ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጭፍን መቀነስ አይገባም። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ብላችሁ ውኃው በሚጠፋባቸው ቀናት አባዙ። አምስት ሰው፣ ሁለት ቀን ከሆነ አሥር ጀሪካን ወይም አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው፤ በርሜሉ የሚይዘው ቦታ ያንሳል። ከዚያ በላይ ያለው፣ ሥሩ የተሰነጠቀውና ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበት ይውጣ።

ወረቀትን ለመጨረሻ ተዉት፤ ፎቶና ደብዳቤ ላይ ከተቀመጣችሁ ቀኑ ያልቃል። የቤት ካርታ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ በአንድ ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ሆነው ከወለል ከፍ ባለ፣ ሁሉም የቤተሰቡ አዋቂ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጡ። በስልክም ፎቶ አንሷቸውና ለአንድ ዘመድ ላኩ።