30 ነጥብ ሁሉ እኩል አይደለም፦ ቅርጫት ኳስ ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ እኛ ጋ የሚደርሰው ሌሊት ነው። ብዙዎቻችን ጠዋት ስልክ ላይ ሃይላይቱን አይተን ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን እንከራከራለን። ሃይላይት ደግሞ የተሳተውን ኳስ አያሳይም።

የመጀመሪያው ስህተት ከዚህ ይመጣል፤ ነጥብ ብቻ መቁጠር። "እገሌ 30 አገባ" ሲባል "በስንት ሙከራ?" በሉ። በ18 ሙከራና በ30 ሙከራ የመጣ 30 በጣም ይለያያል።

ፐርሰንትም ብቻውን ያሳስታል። አንዱ ከ10 የሁለት ነጥብ ሹት 5 አገባ፣ 10 ነጥብ። ሌላው ከ10 ባለሦስት (ከሩቁ መስመር ውጭ የሚወረወር፣ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ ሹት) 4 አገባ፣ 12 ነጥብ። ፐርሰንቱ ያነሰው ነው የበለጠው።

ፍሪ ትሮው (ፎል የተሠራበት ተጫዋች ያለ ተከላካይ የሚወረውረው፣ አንዱ አንድ ነጥብ የሆነ ውርወራ) መርሳት ሦስተኛው ነው። "ፎል ለማኝ" እያልን የምንናደድበት ተጫዋች ከፍሪ ትሮው 80 ፐርሰንት ካገባ፣ ለሁለት ውርወራ በአማካይ 1.6 ነጥብ ያገኛል። ክፍት ባለሦስት እንኳን ይህን ያህል አይከፍልም! ለዚህ ነው "ትሩ ሹቲንግ" የሚባለው ስሌት ፍሪ ትሮውንም የሚቆጥረው፦ የሹት ሙከራው ላይ በ0.44 የተባዛ የፍሪ ትሮው ሙከራ ይደመራል፣ ድምሩ በ2 ይባዛል፣ ነጥቡ ለዚያ ይካፈላል።

"ሚድሬንጅ ሞቷል" ማለትም ትክክል አይመስለኝም፤ ሚድሬንጅ ከቀለበቱ ራቅ ብሎ፣ ግን ከባለሦስት መስመሩ ውስጥ የሚወረወር ሹት ነው። ለብዙ ተጫዋች አያዋጣም፤ 40 ፐርሰንት ቢያገባ በሙከራ 0.8 ነጥብ ነው። ግን ለማጥቃት የተሰጠው 24 ሰከንድ ሊያልቅ ሲል እንደ ኬቨን ዱራንት ያለ ሰው ቡድን ያድናል።

በውጤቱ ብቻ መፍረድም አለ። በ2018 የኤንቢኤ የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ 7ኛ ጨዋታ የሂዩስተን ቡድን በተከታታይ 27 ባለሦስት ሳተ። ብዙ ሰው "ባለሦስት ይኸው ነው" አለ። የአንድ ሌሊት መሳት ግን ምርጫው ስህተት እንደነበር አያረጋግጥም። መጠየቅ ያለበት ሹቱ ክፍት ነበር ወይ የሚለው ነው።

ሜዳ ላይ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ልጆች ሳያሟሙቁ ከመሃል ሜዳ ሲወረውሩ ማየት ነው። በሩቅ ሹቱ የሚታወቀው ስቴፈን ከሪ በ2015/16 402 ባለሦስት ያገባው 45 ፐርሰንት እየመታ ነው። ኤንቢኤ ላይ ቅርብ ስለሆነ የሚመረጠውን የኮርነር (የሜዳው ጥግ) ባለሦስትም እንዳለ አትቅዱት። ኤንቢኤ ላይ የባለሦስት መስመሩ ከቀለበቱ ያለው ርቀት ኮርነር ላይ 6.70 ሜትር፣ መሃል ላይ 7.24 ነው። በፊባ (የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) መስመር ግን 6.60 እና 6.75 ነው፤ ልዩነቱ 15 ሴንቲ ብቻ። ከእያንዳንዱ ቦታ 50 ሹት አድርጋችሁ ያገባችሁትን ጻፉ። ከ10 ባለሦስት ሦስት ማግባት በሙከራ 0.9 ነጥብ ነው፤ ከ10 ሌይአፕ (ቀለበቱ ሥር ደርሶ የሚገባ ኳስ) ስድስት ማግባት 1.2።