የነዳጅ ምርት ቆመ፣ ኤክስፖርት ወረደ ሲባል ዜናውን እንዴት እናንብበው?

እዚህ ድሬ «የእገሌ አገር የነዳጅ ኤክስፖርት ቀነሰ» ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው ቤንዚን ይወደድ ይሆን ወይ ብለን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ሻጩ አገር ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ማወቅም ይጠቅመናል።

መጀመሪያ መጠንና ዋጋን ለዩ። የኢኮኖሚ እድገት ተብሎ የሚነገረው ቁጥር የዋጋ ለውጥ ተቀንሶለት ነው። ስለዚህ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚወጣው በርሜል ካልጨመረ ነዳጁ በቀጥታ ለእድገቱ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከዚያ ወረቀት ያዙ። ኢኮኖሚው 100 ብር ነው እንበል፤ 30ው ከነዳጅ፣ 70ው ከሌላ። ነዳጁ ባለበት ቆመ፣ ሌላው 6 በመቶ አደገ። ድምሩ 104 ብር ከ20 ሳንቲም ነው፤ እድገቱ 4.2 በመቶ ብቻ። ሕዝቡ በ3 በመቶ ከጨመረ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ራሳችሁ አስቡት።

ምርቱ ሳይወርድ ኤክስፖርቱ ከወረደ ነዳጁ የት ገባ በሉ። ብዙ ጊዜ እዚያው አገር ውስጥ እየነደደ ነው። አንዳንዴ የምርት መቀነሱም ይደረብበታል። ኢንዶኔዥያ የኦፔክ (የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር) አባልና ነዳጅ ላኪ ነበረች፤ ምርቷ እየቀነሰ የራሷ ፍላጎት እያደገ ሲሄድ ገዢ ሆነችና እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ አባልነቷን አቋረጠች።

አሁን ዋናው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፦ ዶላሩን ተከተሉ። የአወዳይ ጫት ወደ ጅቡቲ ሳይሄድ የቀረ ቀን የሚጎዳው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ አሳሪው፣ ጫኙ፣ ሾፌሩ፣ ምሳ የምትሸጥላቸው ሴትዮ ሁሉ ናቸው። ነዳጅም እንደዚያው ነው። ናይጄሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ነዳጅ ከኢኮኖሚው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም ነበር። የውጭ ምንዛሪዋ ግን በአብዛኛው ከእሱ ነው። ዋጋው ወደቀ፣ ነዳጁ በሚወጣበት በኒጀር ዴልታ ቧንቧዎች ተጠቁና ምርቱም ቀነሰ፤ ዶላር ሲጠፋ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ማስገባት አቃታቸው፣ ኢኮኖሚው በ1.6 በመቶ ወደ ኋላ ሄደ። ከነዳጅ ጋር ምንም የማይገናኙ ሰዎችም ሥራ አጡ።

በጀቱንም እዩ። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ነዳጇ በሱዳን በኩል ለሚያልፍበት ቧንቧ በሚከፈለው ክፍያ ከሱዳን ጋር ተጣልታ የነዳጅ ጉድጓዶቿን ስትዘጋ፣ ከመንግሥት ገቢ 98 በመቶው ከነዳጅ ነበር። በዚያ ዓመት የኢኮኖሚዋ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ጠፋ። ይሄን ሳስብ ሁሌም ያመኛል፤ ደሞዝ የቀረበት አስተማሪና ነርስ ነው ከቁጥሩ ጀርባ ያለው።

ወደ ቤንዚናችን ስንመለስ፣ አንድ አገር ኤክስፖርቱን ስለቀነሰ ብቻ አይወደድም፤ ሌላው ሻጭ ጉድለቱን ከሞላው ዋጋው ላይንቀሳቀስ ይችላል። እኛ የተጣራ ነዳጅ በዶላር ገዝተን በጅቡቲ በኩል ነው የምናስገባው፤ ስለዚህ የዓለም ዋጋውን ስታዩ የብሩን ምንዛሪም አብራችሁ እዩ። ዓለም ላይ ረክሶ ብር ከተዳከመ ማደያው ላይ ላይረክስ ይችላል።