የባንክ ካርድዎንና ማንነትዎን ከአጭበርባሪዎች ለመጠበቅ

የደወለልዎ ሰው ሙሉ ስምዎንና ሂሳብ የከፈቱበትን ቅርንጫፍ ማወቁ የባንክ ሠራተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ የሚኖሩት አክስቴ ይህንን የተረዱት ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጡት ገንዘብ ከሂሳባቸው ከወጣ በኋላ ነበር። ደዋዩ በትሕትና «እናቴ፣ ካርድዎ ዛሬ ሊዘጋ ስለሆነ በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡለት። ስምና ስልክ በየፎርሙ የምንሞላቸው ስለሆኑ ከምስጢር አይቆጠሩም። ምስጢሩ ያ ቁጥር ነበር።

ይህ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር የፊርማ ያህል ኃይል አለው። ሳይጠይቁት ከደረሰዎት፣ አንድ ሰው በዚያች ቅጽበት በእርስዎ ስም ሊገባ ወይም ሊከፍል እየሞከረ ሊሆን ስለሚችል ለማንም አይንገሩ። የሚስጥር ቁጥርዎም ሆነ ከካርዱ ጀርባ ያሉት 3 አሃዞች በስልክ የሚነገሩ አይደሉም፤ ገንዘብ ሊላክልዎት ነው ቢባሉም ለመቀበል የሚያስፈልገው የሂሳብ ወይም የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ጥሪው ቢያጠራጥርዎት ስልኩን ዘግተው ራስዎ ይደውሉ። የደወለልዎትን ቁጥር መልሰው አይጠቀሙ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ ወደ 951፣ ካልሆኑም በካርድዎ ጀርባ ወደተጻፈው ቁጥር ይደውሉ። በፒያሳ ወይም በለገሃር አካባቢ ለሚውል ሰው ደግሞ ቅርንጫፍ ሩቅ አይደለምና በአካል ሄዶ መጠየቅ ከሁሉም ይሻላል። አጭበርባሪው የሚያጣድፍዎት ይህንን ለማድረግ ጊዜ እንዳያገኙ ነው።

ሌላው የተለመደ ዘዴ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ልመና ነው። ከልመናው በፊት የሚደርሰው የገቢ መልእክት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ የላኪው ስም ተመስሎ ሊጻፍ ስለሚችል መልእክቱ ከባንክዎ እውነተኛ መልእክቶች ጋር በአንድ ረድፍ ተደርድሮ ሊያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ በመልእክቱ ሳይሆን በቀሪ ሂሳብዎ ይመኑ፦ ለቴሌብር *127# ደውለው ወይም በመተግበሪያው ገብተው ያረጋግጡ። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በራስዎ እጅ ከመመለስ ይልቅ ጉዳዩን ለባንኩ ያሳውቁ።

በቴሌግራም የሚመጣ የሽልማት ወይም የሥራ ሊንክ የካርድ ቁጥር ከጠየቀ አይሙሉ። የድረ ገጹን አድራሻ ሲመለከቱ የባንኩ ስም በአድራሻው ውስጥ መኖሩ ብቻ አያሳምንዎት፤ ባለቤቱን የሚያሳየው ከ«https://» በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር (/) በፊት መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ነው። ምግብ ቤት ሲከፍሉም ካርዱ ከዓይንዎ አይራቅ፤ የክፍያ ማሽኑ ወደ ጠረጴዛዎ ይምጣ ወይም እርስዎ ወደ ማሽኑ ይሂዱ።

ስለ መታወቂያ ብዙዎቻችን ቸልተኞች ነን፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ ሲሰጡ በፊቱ ላይ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብለው ምክንያቱንና ቀኑን ይጻፉበት። ፎቶ ኮፒ ቤት ፋይል በቴሌግራም ልከው ካሳተሙ በኋላ ከሁለቱም ወገን መሰረዙን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ የተበላሸውንም ቅጂ ቀድደው ይውሰዱ። ለፋይዳ ማረጋገጫ በስልክዎ የሚገባውም ቁጥር እንደ ባንኩ ቁጥር ሁሉ ምስጢር ነው። የሌሎች ስልክ እየሠራ የእርስዎ ብቻ በድንገት ኔትወርክ ካጣ ሲም ካርድዎ በሌላ ሰው እጅ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በሌላ ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ያጣሩ።

ቁጥሩን ተናግረው ከሆነ በሐፍረት ደቂቃ አያባክኑ። በመጀመሪያ ለባንኩ ደውለው ካርዱንና የሞባይል ባንኪንጉን ያሳግዱ፤ ቀጥሎ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ፤ ከዚያም በቅርንጫፉ የሂሳብ መግለጫ አሳትመው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበሩንም ሆነ የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆቱን በወንጀል ያስቀጣል። የደዋዩን ቁጥር፣ የደወለበትን ሰዓትና የዝውውሩን መለያ ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ የአጭበርባሪውን መልእክት ቢያናድድዎትም አያጥፉት፣ መርማሪው ይፈልገዋልና።